አርባ ሦስተኛው እንጨት

መምህር ይርዳው ድሬዳዋ በገባ በወሩ ሁለት ነገር ለመደ፤ ከምሳ በኋላ መተኛትንና «አንተ» መባልን። ሙቀቱን ግን አልለመደውም። ደብረ ማርቆስ አስራ ስድስት ዓመት ሒሳብ ሲያስተምር እንኳን ዘበኛው ርእሰ መምህሩም በአንቱታ ነበር የሚያነጋግረው። እዚህ የቅዱስ ባስልዮስ የወንዶች ትምህርት ቤት ዘበኛ፣ ሙመ የሚባል ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ትከሻውን መታ አድርጎ «አቦ፣ አዲሱ የሒሳብ አንተ ነህ?» ብሎ ተቀበለው። ይርዳው አልተቀየመም። አንቱታ ፍለጋ አልመጣም። ሚስቱን ከቀበረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የመጣው ልጁን ሚልክያስን ከዚያ ጭር ካለ ቤት ሊያወጣው ነው። ሚልክያስ አስራ አራት ዓመቱ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ለይርዳው በዚህ ዓለም የቀረው ሰው እሱ ብቻ ነበርና ልጁ ትንሽ ከዘገየ ልቡ ከቦታዋ ትነቃነቃለች።

ትምህርት ቤቱ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ወዲህ የተሠራ፣ በኒም ዛፍ የተከበበ የድንጋይ ግቢ ነው። ጠዋት የጸሎት ቤቱ ደወል ሲመታ አራት መቶ ወንድ ልጅ ነጭ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ይሰለፋል። ካቶሊኩም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም በየልቡ የራሱን ጸልዮ ወደ ክፍሉ ይገባል። በየወሩ መጀመሪያ ሁሉም ፀጉራቸውን ይላጫሉ። ለሙቀቱ ነው ይላሉ አባቶች፤ ልጆቹ ደግሞ ለቅማሉ ነው እያሉ ይሳሳቃሉ። ይርዳው ይህን ሁሉ ወደደው። ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው፤ ጠመኔ እንኳ ለክቶ ነው የሚሰብረው።

ርእሰ መምህሩ አባ ሴራፊን፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ የሐረርጌ ካህን፣ የዘጠነኛ ክፍልን የከሰዓት ጥናት እንዲጠብቅ ሰጡት። ጥናቱ ከአስር ሰዓት እስከ አስራ ሁለት፣ ልጆቹ «ዝምታ ቤት» በሚሉት በግቢው ጫፍ ባለ ረጅም አዳራሽ ነው። መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው። ሰባት አግዳሚ ወንበሮች ከነጠረጴዛቸው ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ስድስት ልጅ ይቀመጣል፤ ባጠቃላይ አርባ ሁለት። ልጆቹ በፊተኛው በር ገብተው ፊታቸውን መስቀል ወደተሰቀለበት ግድግዳ አድርገው ይቀመጣሉ። መምህሩ በኋላው በር ገብቶ ከጀርባቸው ከፍ ባለች ወንበር ላይ ይቀመጣል። ዞሮ ማየት ክልክል ነው። በፊተኛው በር አጠገብ አርባ ሁለት ምስማር የተመታበት ሰሌዳ አለ፤ በየምስማሩ ላይ፣ ቁጥር በጋለ ብረት የተጻፈባት፣ አውራ ጣት የምታህል እንጨት ተንጠልጥላለች። ልጁ ሲገባ የራሱን እንጨት አንስቶ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ይጥላል፤ ሲወጣ መልሶ ይሰቅላታል። ሙመ ሳጥኑን በውጭ ዞሮ ለመምህሩ ያመጣል፤ መምህሩ እንጨቶቹን ቆጥሮ ማን እንደቀረ ካወቀ በኋላ፣ ከደወሉ በፊት ሳጥኑ ወደ ፊተኛው በር ይመለሳል።

«እንጨቱን ቁጠር እንጂ ልጆቹን አትቁጠር፤» አሉት አባ ሴራፊን። «ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ ምን እንዳመጣ ታውቃለህ።»

ይርዳው ፈገግ አለ። እናቱም ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ትል ነበር እንጂ ቁጥር ከአፏ አይወጣም። ለሒሳብ አስተማሪ አትቁጠር ማለት ለወጥ ቤት ሠራተኛ አትቅመስ እንደማለት ነው ብሎ አሰበ፤ ግን ከአዛውንት ጋር ክርክር አይያዝምና እሺ አለ።

መጀመሪያ ላይ ጥናቱ ዕረፍት ሆነለት። ከመስኮቶቹ የሚወርደው ብርሃን ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ እየተለወጠ በተላጩት ራሶች ላይ ቀስ እያለ ሲያልፍ፣ የእርሳስ ጭረትና የገጽ መገለጥ ብቻ ሲሰማ፣ ከውጭ ደግሞ የባጃጅ ጥሩምባና የኒሙ ቅጠል ሽውታ በሩቁ ሲመጣ፣ ዓይኑ ይከደን ይከደን ይል ነበር። አርባ ሁለት የተላጨ ራስ ከኋላ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው። ይርዳው ግን የልጁን ያውቃል። ሚልክያስ በአራት ዓመቱ ከደረጃ ወድቆ ከቀኝ ጆሮው በላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል፣ ፀጉር የማይበቅልባት ጠባሳ ቀርታበታለች። ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ በመተላለፊያው በኩል ይቀመጣል። ይርዳው ገና እንደገባ ያቺን ጠባሳ ይፈልግና ካገኛት በኋላ ይቀመጣል።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ቀን ሙቀቱ የሰው ትንፋሽ ይመስል ነበር። ይርዳው እንዳያንቀላፋ ብሎ ራሶቹን መቁጠር ጀመረ፤ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ልማድ ነው። አርባ ሦስት ሆኑ። ሳጥኑን ከፍቶ እንጨቱን ቆጠረ፤ አርባ ሁለት። እንቅልፍ ነው ብሎ ዓይኑን አሽቶ ደገመ። አሁንም አርባ ሦስት። ከዚያ እያንዳንዱን ወንበር ለብቻ ቆጠረ። አንደኛው ስድስት፣ ሁለተኛው ስድስት፣ ሦስተኛውም፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ ስድስት ስድስት። ሰባት ጊዜ ስድስት አርባ ሁለት ነው፤ ይህን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ወረቀት አውጥቶ ለእያንዳንዱ ራስ አንድ ነጥብ አስቀመጠ። ነጥቦቹ አርባ ሦስት ነበሩ።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና የሚሰማውን መስማት ጀመረ። ልጆች ሲያጠኑ ገጽ የሚገልጡት እየቆዩ ነው፤ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይገልጣሉ። በዚያ ሁሉ መሃል አንድ የሚገለጥ ገጽ አለ፤ አይቆምም፤ የሚያነብ ሰው የሚቆየውን ያህል አይቆይም፤ በእኩል ምት ይገለጣል፣ ይገለጣል። ሽታም ነበረ። ከአራት ወር ወዲህ ዝናብ ጠብ ባላለባት ከተማ፣ አሸዋው እግር በሚያቃጥልበት ግቢ፣ ከወንበሮቹ መሃል የጉድጓድ ውሃ ሽታ፣ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣ ነበር። ደወሉ ሲመታ ልጆቹ በፊተኛው በር ወጡ። ይርዳው ሲወጡ ሊቆጥር ሞከረ፤ ግን ተጋፍተው ስለወጡ አልቻለም።

ሙመን በር ላይ አገኘው። «እዚያ ውስጥ አርባ ሦስት ልጅ አለ፤» አለው።

«እንጨቱ ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት።»

«እንግዲያ አርባ ሁለት ናቸው።» ሙመ ሳጥኑን በብብቱ ሸጎጠ። ሁልጊዜ የሚስቅ ፊቱ አሁን አልሳቀም። «አቦ፣ አንተ ደግሞ ነገር አታብዛ። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ነኝ፤ እንጨቱ ነው የሚቆጠረው።»

ይርዳው ሌሊቱን አሰበበትና የራሱን መልስ አገኘ። አንድ ያልተመዘገበ ልጅ ከሌላ ቦታ እየሾለከ ይገባል፤ ጓደኞቹ ተጠጋግተው ይሸፍኑታል፤ ወንበር በወንበር ሲቆጠር ጎንበስ ይላል። ይህ ሐሳብ ልቡን ነካው። እሱ ራሱ በልጅነቱ አባቱ መዝገብ ሳያስገባው ሦስት ወር ሙሉ ከክፍል ኋላ ቆሞ ተምሯል። አንድ ቀን አንድ መምህር መጥተው ምንም ሳይጠይቁ ስሙን ስም መጥሪያው ላይ ጻፉለት፤ ሰው የሆንኩት ያን ቀን ነው ይላል እስከ ዛሬ። ስለዚህ የሣጥን ጣውላ ጠርቦ፣ ምስማር በከሰል አግሎ፣ ባማረ እጅ ጽሕፈት «43» ብሎ አቃጠለበት። በማግስቱ ማንም ሳይኖር ሰሌዳው ላይ አንድ ምስማር ጨምሮ እንጨቷን ሰቀላት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፤ እሱ ግን ያን ቀን እንደዚያ መምህር የሆነ መስሎት ደስ ብሎት ዋለ።

አስር ሰዓት ላይ ሙመ ሳጥኑን ይዞ ሲመጣ እጁን ከአካሉ አርቆ ነበር የያዘው። «ያን ምስማር ማን መታው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

ሙመ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠው እንጂ እጁ ላይ አልሰጠውም። ወዲያው ሄደ። ይርዳው ቆጠረ፤ አርባ ሦስት እንጨት። አርባ ሦስተኛዋ እርጥብ ነበረች፤ ጣቱ ላይ ጥቁር ውሃ ተወች። ራሶቹን ቆጠረ፤ አርባ ሦስት። ሒሳቡ ልክ መጣ ብሎ ደስ ሊለው ሲል፣ ወንበር በወንበር ቆጠረ። ስድስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ሦስተኛው ወንበር ላይ ሰባት ሆነዋል። አዲሱ ራስ ከሚልክያስ ጎን ነበር፤ የለሰለሰ፣ ፀጉር በቅሎበት የማያውቅ የሚመስል ራስ። ይርዳው ቅር አለው። ሆኖም ቦታ የሰጠው እሱ ራሱ ነውና ምን ይላል?

ከጥናት በኋላ አባትና ልጅ ከዋናው መንገድ ወጣ ብለው በደረቀው ወንዝ ዳር ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ቤታቸው በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ይርዳው በግዴለሽ ድምፅ ጠየቀው።

«ከጎንህ የመጣው አዲሱ ልጅ ማን ነው?»

«አላውቀውም። አይናገርም።» ሚልክያስ አንድ ጠጠር በእግሩ ገፋ። «ስላንተ ይጠይቀኛል።»

«አይናገርም ካልክ እንዴት ይጠይቅሃል?»

ልጁ ቆመ። «እንጃ አባባ። ግን ይጠይቀኛል። እናትህ በሕይወት አለች ወይ አለኝ። የለችም አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ደስ አለው መሰለኝ።»

ይርዳው የልጁን እጅ ያዘ። ሚልክያስ የአባቱን እጅ መያዝ ከተወ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ያን ቀን ግን እስከ ቤት ድረስ አልለቀቀም። ቤት ገብተው ራት ሲበሉ ልጁ ሁለት ጊዜ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ የሚሰማ መሰለ። ምን ሆንክ ሲለው ምንም አለ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ረቡዕ ዕለት የአዲሱ ራስ ከቀኝ ጆሮው በላይ ትንሽ ነጣ ብሎ ነበር፤ ይርዳው የመስኮቱ ብርሃን ነው አለ። ሐሙስ ዕለት ብርሃኑ በሌላ በኩል ነበር፤ ነጩ ግን እዚያው ነው፤ ዳር ዳሩ ተለይቶ፣ ቅርጽ ይዞ፣ የባቄላ ፍሬ አክሎ ተቀምጧል። ሁለት ጠባሳ ጎን ለጎን። የአንገቱ ቅጥነት፣ የግራ ትከሻው ትንሽ ወረድ ማለት፣ ሲያስብ ጆሮውን በእርሳስ የሚነካካው ነገር፣ ሁሉም ሁለት ሆኗል። አንዱ ጆሮውን ሲነካ ሌላው ጥቂት ዘግይቶ ይነካል። የሐሙስ ጥናት ከማለቁ በፊት ግን መዘግየቱም ቀረ፤ ሁለቱም እኩል ይነካኩ ጀመር። ይርዳው ፈራ። እንደ ልጅ ፈራ። ደወሉ እስኪመታ ድረስ ዓይኑን ከመተላለፊያው ዳር ካለው ራስ ላይ አልነቀለም፤ ዓይኔን ካነሳሁ የትኛው የኔ እንደሆነ አላውቅም ብሎ ነበር።

አባ ሴራፊን ቢሯቸው ውስጥ የፈተና ወረቀት እየደረደሩ ነበር። ሁሉንም እስኪጨርስ ሰሙት።

«እንጨት ሰጠኸው?» አሉ።

«ያልተመዘገበ ልጅ መስሎኝ ነው።»

ወረቀቱን አስቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከእኔ በፊት የነበሩትም አያውቁም። በዚያ ቤት ሰው ሲቆጠር አንድ ይተርፋል። የተረፈውን አንቆጥረውም፤ ካልቆጠርነው ቦታ የለውም፤ ቦታ ከሌለው ከዚያ ቤት አይወጣም። ያለው ሥርዓት ይኼው ነው። አሁን ቦታ አግኝቷል፤ መውጫ ነው የቀረው።»

«ልጄን ነገ ቤት አስቀረዋለሁ።»

«ተው! ከቀረ ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ቦታ ለእሱ ቀላል ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነገ ዓርብ ነው፤ ከዚያ ለፈተና ጥናቱ ይዘጋል። ይምጣ፣ ይቀመጥ፣ ደወል ሲመታ ከጓደኞቹ ጋር በፊተኛው በር ይውጣ። እንጨቷን ሙመ ያቃጥላታል፤ ቤቱን እኔ እዘጋዋለሁ። አንተ ከወንበርህ አትነሳ። ማንንም ቢሆን ከዚያ ቤት በእጅህ ይዘህ እንዳታወጣ። የፈለገው ቢሆን።»

ዓርብ ጠዋት ይርዳው የልጁን ኮሌታ ሲያስተካክል ቆየ። እንዲህ አድርጎለት አያውቅም።

«ዛሬ ጥናት ላይ ምንም ብትሰማ አትዙር፤ አትናገር። ደወሉ ሲመታ ከጓደኞችህ ጋር ውጣ።»

«እሺ።»

«እኔ ብጠራህም እንኳ ዝም በል።»

«አንተ ብትጠራኝም?»

«እኔ ብጠራህም።»

ሚልክያስ አባቱን አየው። ልጁ የተነገረውን የሚያደርግ ልጅ ነው፤ ከእናቱ ሞት ወዲህ እንዲያውም ከመጠን በላይ። «እሺ አባባ፤» አለ።

አስር ሰዓት ላይ ሳጥኑ የኋላው በር ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሙመ አጠገቡ የለም። አርባ ሦስት እንጨት። ይርዳው ገብቶ ተቀመጠና ሦስተኛውን ወንበር አየ። በመተላለፊያው ዳር፣ የሚልክያስ ቦታ ላይ፣ ባለ ጠባሳ ራስ አለ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ባለ ጠባሳ ራስ አለ። ዳር ያለው የኔ ነው ብሎ ራሱን አጽናና፤ ቦታው ያው ቦታው ነው። ገጹ ይገለጣል፣ ይገለጣል። ሽታው ከመቼውም በላይ ነበር፤ አፉ ውስጥ ገብቶ እንደ ዝገት ብረት ምላሱ ላይ ተቀመጠ። አስራ አንድ ሰዓት ሆነ። ከመስኮቶቹ የሚወርደው ብርሃን በግድግዳው ላይ እየወጣ ከመስቀሉ በላይ ደረሰ፤ ከታች ያሉት ራሶች በጣሪያው አምፖል ደብዛዛ ብርሃን ግራጫ ሆኑ። ጥናቱ ሊያበቃ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መብራት ጠፋ።

ልጆቹ አልጮኹም። መብራት ሲጠፋ የሚያፏጭ፣ የሚስቅ አይታጣም፤ ያን ቀን አንድም አልተነቃነቀም። ገጹ ቆመ። ከሰማው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የቆመው፤ ይርዳው መቆሙ ከመገለጡ ይልቅ አስፈራው። ከዚያ ከሦስተኛው ወንበር አካባቢ ውሃ የሚንጠባጠብ ድምፅ መጣ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ከሁለቱ ባለ ጠባሳ ራሶች አንዱ ወደ ሌላው መዘንበል ጀመረ፤ ጆሮ ላይ የሚያንሾካሹክ ሰው እንደሚያዘነብለው። በዚያ ድንግዝግዝ የትኛው ወደ የትኛው እንዳዘነበለ መለየት አልቻለም። መታገስ አቃተው። የፈሩት ይደርሳል፤ የጠሉት ይወርሳል።

«ሚልክያስ፤» አለ።

ማንም አልመለሰም።

«ሚልክያስ፣ ልጄ።»

«አባባ፣» አለ ከዳር ያለው፣ እያለቀሰ፣ «ፈራሁ።»

የሚልክያስ ድምፅ ነው። ከሚልክያስ ቦታ ነው የመጣው። ይርዳው የአባ ሴራፊንን ቃል አልረሳም፤ ሙሉውን ያስታውሰዋል፤ ነገር ግን ልጁ ፈራሁ ሲለው ተቀምጦ የሚያዳምጥ አባት የለም። ከወንበሩ ወርዶ በመተላለፊያው ሄደ። ወደ ፊታቸው መድረስ አልፈለገም፤ ፊት ማየት አልፈለገም። በጎን ቆሞ የዳሩን ልጅ እጅ ያዘ፤ ልጁ ወዲያው ተነሳ። ሁለተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ ቀረ። ሁለት እጁን ደብተሩ ላይ አጣብቆ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይርዳው የሚስቅ መሰለው። ዞር ሳይል ልጁን እየጎተተ በኋላው በር ወጣ።

ውጭ ገና ብርሃን ነበር። የኒሙ ቅጠል ይወዛወዛል፤ ከሩቅ አንዲት ባጃጅ ጥሩምባዋን ትነፋለች። ይርዳው ተንበርክኮ የልጁን ፊት በሁለት እጁ ያዘ። ሚልክያስ ነው። አፍንጫው የእናቱ፣ ዓይኑ የእናቱ፣ ጉንጩ ላይ እንባ። ይርዳው አቅፎት አለቀሰ፤ የትምህርት ቤቱ ግቢ መሆኑን እንኳ ረሳ። የልጁ እጅ ቀዝቅዞ ረጥቦ ነበር፤ የፈራ ሰው እጅ እንዲህ ይሆናል። ደወሉ ከኋላቸው ሲመታ ባጃጅ ውስጥ ገብተው ነበር። ባጃጅ ነጂው በመስተዋቱ ሁለት ጊዜ አያቸውና ሬድዮኑን ዘጋው።

በመንገድ ላይ ልጁ አልተናገረም። ይርዳው ግን ሳያቋርጥ አወራ፤ ፈተናው እንዳለቀ ወደ ማርቆስ እንመለሳለን አለው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለው፣ ከእንግዲህ አንለያይም አለው። ልጁ በየቃሉ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ቤት ደርሰው በሩን ሲከፍትለት ልጁ ቀድሞ ገባ፤ መብራት ሳያበራ፣ እቃ ሳይነካ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሄደ። የይርዳው አልጋ ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ይርዳው ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ስልኩ ጮኸ። ሙመ ነበር።

«አቦ መምህር፣ የት ነው ያለኸው?» አለ። ድምፁ ከወትሮው ቀጥኖ ነበር። «አርባ ሦስተኛዋን እንጨት ላቃጥል ብል ሳጥኑ ውስጥም ሰሌዳው ላይም የለችም። ልጆቹ ሁሉም ወጥተዋል። ያንተ ልጅ ግን ከወንበሩ አልነሳም ብሎ ተቀምጦ ያለቅሳል። ሰው ልጁን እንዲህ ጥሎ ይሄዳል? በል አናግረው።»

ይርዳው ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ከውስጠኛው ክፍል ደጃፍ የእርጥብ አፈር ሽታ ወደ እሱ መጣ። ስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ፣ ከዚያ የሚያውቀው ትንፋሽ ተሰማ።

«አባባ፣» አለ ሚልክያስ፣ «መጥቼ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ስላገኘሁ ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ፤ እንዳልከኝም አልዞርኩም፣ ስትጠራኝም ዝም አልኩ፣ በጎኔ ስታልፍ እንኳ እንባዬን ዋጥኩ እንጂ አልተናገርኩም፤ ግን ይዘኸው የወጣኸው ማንን ነው?»